ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ለጠቦት፦ መጠኑ ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ጡት የጣሉ፣ 20 ኪሎ አካባቢ የሚመዝኑ 12 ጠቦቶች አሉኝ። ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ያሰባል፣ ትልም ያስወጣል ሲባል ሰምቼ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጭብጥ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ከፉርሽካ ጋር አቀረብኩ። በሁለተኛው ቀን ገንዳውን አሽትተው ተመለሱ። ምን አጠፋሁ? ለትሉስ ይበቃል?

መልስ፦ ያጠፉት መጠኑን ነው። ሽታው ብቻ አይደለም ያባረራቸው። በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ጀርም የሚገድለው ነገር ሲበዛ፣ በጠቦቱ ጨጓራ ገለባና ድርቆሽ የሚያብላሉትንም ረቂቅ ተሕዋስያን ይጎዳል፤ እነሱ ሲዳከሙ የመብላት ፍላጎት ይወድቃል። ለብዙ ቀን ከተደጋገመ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። ሽንቱ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ድዱም ከገረጣ ወዲያውኑ አቁመው ሐኪም ይጥሩ።

አሁን ወደ ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ይመልሷቸው። በደንብ መብላት ሲጀምሩ በአንድ ቅመም ብቻ ይነሡ፤ ሁለቱን አብረው ከጀመሩ የትኛው እንዳስጠላቸው አይታወቅም። ከድርቆሹ ሌላ በቀን 300 ግራም ድብልቅ መኖ ለሚበላ ጠቦት ከመረጡት ቅመም 3 ግራም ደረቅ ዱቄት፣ ማለትም ከመኖው 1 በመቶ፣ ይበቃል። ለ12ቱ 36 ግራም መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሩቡን፣ በቀጣዮቹ 3 ቀናት ግማሹን ይስጡ።

36 ግራሙን በቀጥታ 3.6 ኪሎ መኖ ላይ አይበትኑት። መጀመሪያ ከግማሽ ኪሎ ፉርሽካ ጋር በደንብ ያሹት፣ ከዚያ ከቀረው ጋር ያዋሕዱት። ይህን ካልዘለሉ አንዱ ጠቦት የሦስቱን ድርሻ አይበላም። ነጭ ሽንኩርቱን በስሱ ከትፈው በጥላ ያድርቁ፤ ፀሐይ ጥቅም ያለውን ዘይት ያተናል። ሻጋታ የታየበትን ሁሉንም ይጣሉ፣ ለቅሞ መለየት አያድንም።

ቅመም የጎደለ ፕሮቲን አይተካም። ጠቦቶቹ ገለባና ፉርሽካ ብቻ ከሆነ የሚበሉት፣ መጀመሪያ ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፈ ምርት) ወይም የጥራጥሬ ድርቆሽ ይጨምሩ፤ ሥጋ የሚሠራው እሱ ነው። የቅመሙን ፋይዳ ለማወቅ በዕድሜና በክብደት የሚቀራረቡ 6 በቅመም፣ 6 ያለ ቅመም ያቆዩ። በየ14 ቀኑ ጠዋት መኖ ሳይቀምሱ ይመዝኑ፤ በ14 ቀን 1.4 ኪሎ መጨመር በቀን 100 ግራም ነው። በ6 ሳምንት ልዩነት ካልታየ ይተዉት።

ለትሉ አይበቃም። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጠው ይመልከቱ፦ ደማቅ ቀይ ከሆነ ደኅና ነው፤ ከገረጣ ወይም ከነጣ፣ ወይም ከመንጋጋ በታች እብጠት ካለ፣ ደም መጣጩ የጨጓራ ትል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጠቦት ቅመም ሲጠብቅ ይሞታል። በዚያው ቀን ሐኪም አይቶት፣ በክብደቱ ልክ የትል መድኃኒት ያግኝ። መድኃኒቱ መሥራቱን ለማረጋገጥ ከመስጠትዎ በፊትና ከ14 ቀን በኋላ በጠጣቸውን ያስመርምሩ። ናሙናው ከመሬት የተለቀመ አይሁን፤ በጓንት ከፊንጢጣ ወስደው በቀዝቃዛ ዕቃ በዕለቱ ያድርሱት።