ስልኬን ጄልብሬክ ባደርግ ያስከስሰኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የምልከው አይፎን ኤክስ አለኝ። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም እንዲቀበል ጄልብሬክ ላደርገው ስል ጓደኛዬ «ወንጀል ነው» አለኝ። ሌሎችም በ40 ዶላር እንድሠራላቸው እየጠየቁኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለት ነገር ተደባልቆብዎታል። ጄልብሬክ አፕል የጣለውን ገደብ ሰብሮ ከአፕ ስቶር ውጭ ያለ አፕ ማስገባት ነው። ሌላ ሲም የሚከለክለው ግን ስልኩን የሸጠው የቴሌኮም ኩባንያ ሎክ ነው፤ ጄልብሬክ እሱን አይፈታም። ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብተው «ካሪየር ሎክ» የሚለውን ይዩ። «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ስልኩ ክፍት ነው፣ ምንም መንካት አያስፈልግም። ካላለ የስልኩን ዕዳ ከፍለው ጨርሰው ኩባንያው አንሎክ እንዲያደርግልዎ ይጠይቁ። ባለቤቱ ራሱ ወይም እሱ ያዘዘው ሰው አንሎክ እንዲያደርግ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሕግ ይፈቅዳል።

ጓደኛዎ ያሉት ከእውነት የራቀ አይደለም፣ ግን ጊዜው አልፎበታል። እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 1201 የሶፍትዌር መቆለፊያ መስበርን ይከለክላል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ግን በየሦስት ዓመቱ ከክልከላው ነፃ የሚሆኑትን ይዘረዝራል፤ የስማርትፎን ጄልብሬክ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ በጥቅምት 2024ም ታድሷል። ነፃ የሚሆነው በሕጋዊ መንገድ የተገኘ አፕ ስልኩ ላይ እንዲሠራ ወይም የማይፈለግ ሶፍትዌር እንዲወጣ ብቻ ሲደረግ ነው። የሚከፈልበትን አፕ በነፃ ለመጫን ከሆነ አይሸፍንዎትም።

የሚያሰጋኝ 40 ዶላሩ ነው። ነፃነቱ የራስን ስልክ መስበርን እንጂ መስበሪያውን ወይም አገልግሎቱን ለሕዝብ ማቅረብን አይጨምርም። በፍትሐ ብሔር ለእያንዳንዱ ድርጊት ከ200 እስከ 2,500 ዶላር ካሳ ሊጠየቁ ይችላሉ። ሆን ተብሎ ለገንዘብ ጥቅም ሲደረግ ደግሞ ወንጀል ነው፤ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 5 ዓመት እስራትና 500,000 ዶላር መቀጮ አለው። «ለወዳጅ ነው የሠራሁት» ማለት ገንዘብ ከተቀበሉ በኋላ ብዙ አያስኬድም። አይግቡበት።

ለእናትዎም ቢሆን አልመክርም። አይፎን ኤክስ የሚሰበርበት ቀዳዳ በዝማኔ የማይደፈን በመሆኑ መስበሩ ይቻላል። ነገር ግን ስልኩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ጄልብሬኩ ይወገዳል፤ ለመመለስ እንደገና ከኮምፒውተር ጋር በኬብል መገናኘት አለበት። ከአይኦኤስ 14 (የአይፎን ስርዓተ ክወና) ወዲህ ደግሞ በዚህ ሞዴል ላይ ፓስኮድና ፌስ አይዲ ማጥፋት የግድ ነው፣ ማለትም ስልኩን ያነሳ ሁሉ ይከፍተዋል። የባንክ አፖች ጄልብሬክ መደረጉን ሲያውቁ አልከፈትም ሊሉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኪሬይደር የተባለው ቫይረስ ከ225,000 በላይ የአፕል አካውንቶችን የሰረቀው ከእንዲህ ዓይነት ስልኮች ነበር። አፕልም ጄልብሬክ የተደረገን ስልክ አልጠግንም ሊል ይችላል።

ስልኩን ከመላክዎ በፊት «ፋይንድ ማይ»ን (የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን) አጥፍተው ከአይክላውድ ይውጡ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ያጽዱት። አለዚያ እናትዎ ሲከፍቱት የእርስዎን የይለፍ ቃል ይጠይቃቸዋል።