መሳቢያው ራሱ ከተከፈተ ቁምሳጥኑ ዘምሟል

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። «ጋሼ፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ክፍሏ 2 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ70 ነው። መስኮቱ ያለው አጭሩ ግድግዳ ላይ ነው፤ አልጋዋን እሱ ሥር አድርጌዋለሁ። አንድ ባለ አራት መሳቢያ ቁምሳጥን አለ፣ ወርዱ 70 ሳንቲ፣ ቁመቱ 1 ሜትር። የቀረው ልብስና መጫወቻ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል። ቁምሳጥኑ አማሮኛል። ሁለቱ መሳቢያዎች በግራ በኩል ይነክሳሉ፤ ላይኛውን ደግሞ ዘግቼው ስመለስ ራሱ ተከፍቶ አገኘዋለሁ። ወንድሜ ጀርባውን በምስማር መታልኝ፣ ሲወዛወዝ ጊዜ ደግሞ ከኋላ እግሮቹ ሥር ካርቶን አጥፎ ከተተበት። ለሳምንት ደህና ነበር። ግድግዳ ላይ የሰቀልነው መደርደሪያም ከነፊሸሩ፣ ግድግዳው ውስጥ ከሚገባው ፕላስቲክ ጋር፣ ወርዷል። ገንዘብ እንደልብ የለም። ሰፋ ያለ ቁምሳጥን ልግዛ? ወይስ ባለ ሁለት ፎቅ አልጋ ገዝቼ ሥሩን ለዕቃ ላውለው?»

ሁለቱንም ተይው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቴም ዓይኔ ያረፈው «ራሱ ተከፍቶ አገኘዋለሁ» ያልሽው ላይ ነው። መሳቢያ ራሱ የሚከፈተው ቁልቁለት ሲያገኝ ነው። ቁምሳጥንሽ ወደፊት ዘምሟል። የግራው መንከስ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረኛል፦ ሳጥኑ ማዕዘኑን ስቷል፣ ጀርባው ለቋል። ሳላየው ነው የምናገረው። ግን ዞረሽ እይው። ያ ስስ ጀርባ ከአንዱ ጎን ተላቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካላገኘሽ እኔ ሙያዬን አላውቅም።

ወንድምሽን አልወቅሰውም፣ ሊረዳሽ ብሎ ነው። ካርቶኑን ግን የከተተው በማይሆን በኩል ነው። የኋላው እግር ከፍ ባለ ቁጥር ሳጥኑ ወደፊት ይደፋል።

የቀረው ሥራ ለቅዳሜ ይቆይ፤ አንድ ነገር ግን ዛሬ ማታ ይደረግ። ካርቶኑን አውጪ። አናቱ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ አውርጂ። ከዚያ ሳጥኑን አዙረሽ የመሳቢያዎቹን ፊት ከግድግዳው ጋር አጋጥሚው። ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ልብስ ለማውጣትም አይመችም፤ የሁለት ቀን ልብሷን አስቀድመሽ አውጪ። ልጅ ግን የማይከፈት መሳቢያ ላይ አትወጣም።

ለአምስት ዓመት ልጅ የተከፈተ መሳቢያ ደረጃ ነው። እስቲ እናስላው። ሳጥኑ ከነልብሱ 30 ኪሎ፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ይሁን። የክብደቱ መሃል ከፊት ጠርዙ 20 ሳንቲ ወደኋላ ነው ማለት ነው። 4 ኪሎ የሚሆን አንድ መሳቢያ 30 ሳንቲ ሲሳብ ወደኋላ የሚይዘው 26 ኪሎ ብቻ ይቀራል፤ 26 በ20 ሲባዛ 520። መሳቢያው ራሱ አሁን ወደፊት ይጎትታል፤ መሃሉ ከጠርዙ 10 ሳንቲ ስለወጣ 4 በ10፣ 40 ያህል። ጫፉ ላይ 18 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ስትቆም 18 በ30፣ 540 ትጨምራለች። 580 ሆነ። ሳጥኑ ተገለበጠ። ይሄ እንግዲህ ቀጥ ብሎ ለቆመ ሳጥን ነው። ከዚህ ሁሉ ወሬ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይሄን ያዢ፦ ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር እሰሪው።

አሁን ወደ ጀርባው። ይሄን ነገር ማስረዳት ስጀምር ይረዝምብኛል፤ ታገሺኝ። ባዶ የክብሪት ቀፎ አንሺ። የውስጡን አውጥተሽ የውጪውን ሽፋን ብቻ ያዢ። በሁለት ጣትሽ ከጥግ ወደ ጥግ ጫን በይው። ሸርተት ብሎ ጠፍጣፋ ይሆናል። አራቱም ጎኖቹ ግን ደህና ናቸው፤ አንዱም አልተቀደደም፣ አልረዘመም፣ አላጠረም። የተለወጠው ማዕዘኑ ብቻ ነው። አሁን ቀና አድርጊውና አንዱን አፉን በወረቀት ሸፍነሽ ዙሪያውን በኮላ ለጥፊው። ሲደርቅ ደግመሽ ጫን በይው። እምቢ ይላል። የያዘችው ያቺ ተራ ወረቀት ናት! ወረቀትን ማጠፍ ቀላል ነው፤ በሁለት ጥጉ ይዘሽ ስትወጥሪው ግን አይለጠጥም። ቀፎው እንዲዘም አንዱ ሰያፍ መርዘም፣ ሌላው ማጠር አለበት። ወረቀቱ ደግሞ ረዘም አይልም። ስለዚህ ቀፎው ባለበት ይቆማል።

የቁምሳጥንሽ ጀርባ ያቺ ወረቀት ነው። ብዙ ሰው አቧራ መከላከያ ይመስለዋል። የሚሠሩትም እንደዚያ እያሰቡ ነው መሰለኝ፣ 3 ሚሊ የሆነች ነገር በስምንት ምስማር ጠቅ ጠቅ አድርገው ይሸጡልሻል። ጎኖቹ የሚሠሩበት ቺፑድ ደግሞ የተጨመቀ ፍቅፋቂ ነው፤ እንደ ደህና እንጨት ምስማር ነክሶ አይይዝም። ዕቃው ሁለት ሦስቴ ከተጎተተ ጀርባው ይለቃል። ጀርባው ሲለቅ ጎኖቹ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ያጋድላሉ። የመሳቢያው አፍ ይጣመማል፣ መሳቢያው ግን እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው። ይነክሳል። ሰው ታዲያ የሚከሰው መሳቢያውን ነው። ሰም ይቀባል፣ ሐዲድ ይቀይራል፣ ይሞርዳል። አንዴ አንድ ደንበኛ ጎን ጎናቸው ሦስት ጊዜ የተሞረዱ መሳቢያዎች አመጣልኝ። ጀርባውን ሳስተካክልለት መሳቢያዎቹ በየቀዳዳቸው ውስጥ ይንገዋለሉ ጀመር፤ ትንሿ ጣቴ በጎን ትገባ ነበር። አራቱንም አዲስ ሠራሁለት። ጀርባውን ቀድሞ ቢያይ ኖሮ ጥቂት ቪቴ፣ ማለትም የሚጠመዘዝ ምስማር፣ ይበቃው ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። መሳቢያዎቹን አውጪ። ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈሽ ሳጥኑን በፊቱ አስተኚው። የወንድምሽን ምስማሮች በፒንሳ ንቀያቸውና ቁጠሪያቸው፤ ልጅቷ በባዶ እግሯ ስለምትሮጥ አንድም መቅረት የለበትም። ጥቂቶቹ አጋድለው ጫፋቸው ወደ መሳቢያው በኩል ብቅ ሳይል አይቀርም። ልብሷ ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ትንንሽ ቀዳዳ አይተሽ ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ከዚያ ሜትር። ከላይኛው ቀኝ ጥግ እስከ ታችኛው ግራ ጥግ ለኪ፣ ቀጥሎ ሌላውን ሰያፍ። 70 በ100 ለሆነ ሳጥን ሁለቱም 122 ሳንቲ ገደማ ይመጣሉ። ዋናው እኩል መሆናቸው ነው። አንዱ 123 ሌላው 121 ከሆነ፣ ረጅሙ ሰያፍ ያለበትን ሁለት ጥግ ወደ ውስጥ ግፊ። እኩል ሲሆኑ አንድ ሰው ይዞልሽ ይቆይ።

አሮጌው ጀርባ ጠርዙ ካልተቀዳደደ ይሠራል። ከተቀዳደደ 4 ሚሊ ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ እንጨት) በልኩ አስቆርጪ። እዚህ ጋ ገንዘብ አትሰስቺ። ዙሪያውን ነጩን የእንጨት ኮላ ቀቢ። ከጠርዙ 8 ሚሊ ገባ ብለሽ በእርሳስ አስምሪ፤ ጎኑ 16 ሚሊ ቺፑድ ከሆነ መስመሩ ልክ መሃሉ ላይ ይውላል። መስመሩን ተከትለሽ በ2 ሚሊ ፑንታ (የመብሻ ብረት) እየበሳሽ፣ በየ15 ሳንቲው የ20 ሚሊ ቪቴ እሰሪ። ሳትበሺ በጉልበት ካስገባሽው ቺፑዱ ይሰነጠቃል። የሰፋ አሮጌ ቀዳዳ ካጋጠመሽ ኮላ የነከርሽውን ስንጥር ሙዪበት፤ ሲደርቅ እንደ አዲስ ብሺው። ከዚያ አንድ ቀን እንደተኛ ይደር።

ስታቆሚው ከልጅሽ አንድ ብይ ተበደሪና አናቱ ላይ አስቀምጪው። ወደፊት ከተንከባለለ ከፊት እግሮቹ ሥር ስስ እንጨት ክተቺ። ካርቶን እንዳትደግሚ፤ እርጥበት ሲነካው ይሟሽሻል። ብዩ ባለበት ቢቆም ጥሩ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ቢሄድ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

አሁን ማሰሩ። ዘኮሎው፣ የግድግዳው ግርጌ ላይ ያለው ክፈፍ፣ ሳጥኑን ከታች አንድ ሁለት ሳንቲ ያርቀዋል። ያንኑ ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ከላይም በሳጥኑና በግድግዳው መሃል አስገቢ፤ አለዚያ ማሰሪያ ብረቱን ስታጠብቂ አናቱን ይስብና ጀርባውን መልሶ ያጣምመዋል። ሁለት ኤል ብረት ይበቃል፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ። ብረቱ የሚታሰረው ከወፍራሙ የአናት ጣውላ ጋር ነው። ስሱ ጀርባ ላይ እንዳታስሪው፤ ተቀዶ ይወጣል።

ግድግዳው ላይ ደግሞ መደርደሪያሽ የሠራውን ስህተት እንዳትደግሚ። ከነፊሸሩ ከወረደ የያዘው ልስኑን ብቻ ነበር። ልስን 2 ሳንቲ ውፍረት ካለው፣ 3 ሳንቲ የሆነች ፊሸር ግድግዳውን የምትነካው በ1 ሳንቲ ነው። ከመደርደሪያ ጋር በነጻ የሚሰጡት ፊሸርና ቪቴ ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው፤ እኔ ሳላያቸው ነው የምጥላቸው። በ8 ሚሊ ፑንታ ብሺ፤ ልስኑን አልፎ 5 ሳንቲ የሚገባ ፊሸር ይሁን። ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ከሆነ ትራፓኖውን (መብሻ ማሽኑን) መምቻው ላይ አታድርጊው፣ ውስጡን ያፈርሰዋል። ስስ የጂብሰም ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ፊሸር ብቻውን አይታመንም፤ ከጀርባው ያለውን ፍሬም አንኳኩተሽ ፈልጊና እሱ ላይ እሰሪ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደላይም፣ ወደታችም፣ ወደ ጎንም አትብሺ፤ ሽቦው የሚያልፈው እዚያ ነው።

ሲያልቅ ሁለተኛውን መሳቢያ ከፍተሽ በሁለት እጅሽ ጫን በይው። አናቱ ከግድግዳው ትንሽ እንኳ ከሸሸ አላለቀም፤ ፈትተሽ እንደገና እሰሪ። ያልታሰረ ሳጥን እዚያ ክፍል ውስጥ አይደር።

አሁን ክፍሉ። ይሄ ቀላል ነው። የ190 ሳንቲ ፍራሽ ያለው አልጋ ከነፍሬሙ 194 ገደማ ይሆናል። አሁን ባለበት በአጭሩ ግድግዳ በኩል 26 ሳንቲ ይተርፋል። ለምንም የማይሆን ቦታ ነው፣ ካልሲ ይጠፋበታል። ወደ ረጅሙ ግድግዳ አዙሪው። እዚያ 76 ሳንቲ ይተርፋል፣ የ70 ሳንቲ ሳጥንሽ ልክ ይገባበታል። መሃሉ ደግሞ 1 ሜትር ከ25 ያህል ባዶ ሆኖ መጫወቻ ይወጣዋል። ሳጥኑ ከመስኮቱ በራቀው ጫፍ ይሁን። አልጋው የመስኮቱን ጥግ መንካቱ ስለማይቀር መስኮቱ ከ10 ሳንቲ በላይ እንዳይከፈት ማገጃ አድርጊለት፤ የመጋረጃ ገመድ ካለም እጇ በማይደርስበት ከፍታ እሰሪው።

ባለ ሁለት ፎቅ አልጋ ያልሽውን እርሺው። ላይኛው ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ርካሾቹን ደግሞ አውቃቸዋለሁ፤ ልጅ በተገላበጠች ቁጥር ሲንቋቁ ያድራሉ። ያለሽው አልጋ ሥር 25 ሳንቲ ክፍተት ካለ ማከማቻ አለሽ ማለት ነው። ከተጣለ ቁምሳጥን ሁለት መሳቢያ ፈልጊ፣ ከሥራቸው ጎማ ምቺባቸው፣ ክዳን አታድርጊላቸው። ከባድ ክዳን ያለው የመጫወቻ ሳጥን አልወድም። ጣት ይቀጠቅጣል፤ ልጅም ውስጡ ገብታ ልትደበቅ ትችላለች።

ጃኬትና ቦርሳ መሳቢያ አይፈልጉም። አንድ ጣውላ ላይ ጫፋቸው የከበበ አራት የእንጨት መስቀያ አድርጊ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ከሆነ 1 ሜትር ከ20 ላይ ስቀዪው፤ እጇ ይደርሳል፣ ከዓይኗም በላይ ነው። በዓይኗ ልክ ፈጽሞ አይሁን። የወደቀውን መደርደሪያ ወለሉ አጠገብ ዝቅ አድርጊና መጽሐፎቿን ሽፋናቸው እንዲታይ አቁሚያቸው። ከራስጌዋ በላይ ምንም አይሰቀል።

ሳጥኑ ውስጥ ከባድ ከባዱ ታች ይሁን። በየቀኑ የምትለብሰው ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ይግባ፣ ላይኛው ከወቅቱ ውጪ ለሆነ ልብስ ይቅር። አናቱ ላይ የምትወደውን ነገር እንዳታስቀምጪ። አሻንጉሊቷ እዚያ ከተቀመጠ ልጅቷን ወደላይ ውጪ ብለሽ እንደጠራሻት ቁጠሪው።

ገንዘቡ መጀመሪያ ለብረቱ፣ ለፊሸሩና ለቪቴው ይውጣ። ቀጥሎ ኮምፔንሳቶ፣ ከዚያ ጎማዎቹ። ከተረፈሽ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ግዢ፤ ቀለሙን እሷ ትምረጥ። ሳጥኑን ስትቀቢ ግን ከግድግዳው እንዳትፈቺው። ባለበት ይቀባል።