አባታችሁ የሚፈርሙት ወረቀት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ኢዲ ላመልክት ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። እኔ የታክስ ሠራተኛ እንጂ የኮሌጅ አማካሪ አይደለሁም፤ ፀጉሬ የሸበተው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የእናንተን እናቶችና አባቶች ታክስ ስሠራ ነው። «እስቲ አስብበት» ብዬ ሸኘሁት። መልሱ ግን ለራሴም አልተዋጠልኝም፤ አንዲት ሌላ ልጅ ትዝ አለችኝና ቀኑን ሙሉ ሳብሰለስል ዋልኩ። ስለዚህ ለእሱም፣ ኮሌጅ ለምታመለክቱት ለእናንተም ልጻፈው።

ኧርሊ ዲሲዥን፣ ኢዲ የምትሉት፣ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። አንድ ኮሌጅ ብቻ ትመርጣላችሁ፣ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ታስገባላችሁ፣ መልሱ በዲሴምበር አጋማሽ ይመጣል፤ ከተቀበሏችሁ ሌላውን ሁሉ ሰርዛችሁ ትገባላችሁ። ተማሪው ይፈርማል፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ይፈርማል፣ ወላጅም ይፈርማል።

ትዝ ያለችኝ ልጅ አባት ጥቁር ሰበርባን መኪና ይነዳል፤ ከደለስ ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። ታክሱን የምሠራለት እኔ ነኝ። መኪናዋን በገዛበት ዓመት ሕጉ የሚፈቅደውን የእርጅና ቅናሽ፣ መኪናው ያረጃል ተብሎ ከገቢ ላይ የሚቀነሰውን፣ በደንብ አድርገን ስለወሰድን፣ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ገቢው ወደ 30 ሺህ ዶላር ወረደ። ደስ ብሎት ቢሮ ላገኘው ሰው ሁሉ ማኪያቶ ጋበዘ። ሥራው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢያመጣልኝ እንደዚያው ነው የምሠራለት።

ልጅቱ ጎበዝ ናት። በሰሜን ምሥራቅ ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ልቧን ወስዶት ነበር። ኮሌጁ ዌብሳይቱ ላይ ባስቀመጠው የወጪ መገመቻ፣ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር በሚሉት፣ ገብታ ከአባቷ ታክስ ላይ ያገኘችውን ቁጥር ሞላች። ቤተሰቡ በዓመት 9 ሺህ ዶላር ገደማ ይከፍላል አላት። የፊርማው ጥያቄ በኢሜይል ሲደርስ አባትየው ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ ነበር። ከፊቱ ያሉት መኪኖች መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ስልኩ ላይ ስሙን ጽፎ ላከው። በኋላ «ምን እንደሆነ አላነበብከውም?» ብዬ ብጠይቀው «የትምህርት ቤት ወረቀት ነው አለችኝ» አለ።

ዲሴምበር ላይ ተቀበሏት። የእናቷ እልልታ ጎረቤት ሁሉ አስወጣ። ቀጥሎ የፋይናንሻል ኤይዱ፣ የገንዘብ እርዳታው፣ ደብዳቤ መጣ፤ ቤተሰቡ በዓመት የሚከፍለው 26 ሺህ ዶላር ይላል።

አባትና ልጅ ተያይዘው ቢሮዬ መጡ። ታክሱንና ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋን። እኔ በእርጅና የቀነስኩትን ኮሌጁ መልሶ ደምሮታል፤ መኪናው አርጅቷል ቢባልም ገንዘቡ ከኪስህ አልወጣም ማለቱ ነው። የሚኖሩበትን ቤትም ከባንክ ዕዳው የተረፈውን ዋጋ እንደ ሀብት ቆጥሮታል። ፋፍሳ፣ የፌዴራል መንግሥቱ የእርዳታ ፎርም፣ የምትኖሩበትን ቤት አይቆጥርም፤ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ተጨማሪ ፎርም ከሚጠይቁት ኮሌጆች ግን ብዙዎቹ ይቆጥራሉ። ደሴ ላሉት እናቱ በየወሩ የሚልከውን ግን የቆጠረለት የለም። ልጅቱ ዓይኗን ከ26 ሺዋ ላይ ሳትነቅል «እኔ እኮ ያለውን ነው የሞላሁት» ትላለች። እውነቷን ነው።

የሰጧችሁ እርዳታ የማያስችል ከሆነ ከኢዲ መውጣት ይቻላል፤ ይህንኑ ነገርኩት። ይግባኝ ጽፈን ጥቂት ሺህ ቀነሱልን። ከዚያ ቢሯቸው ለገና ተዘጋ። የሌሎቹ ኮሌጆች ማብቂያ የጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፤ እሷ ደግሞ ኢዲዋን ተማምና ሌላ ቦታ አንድም ማመልከቻ አላስገባችም። ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እንኳ በዚያው ኖቬምበር 1 ማስገባት ትችል ነበር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ ኧርሊ አክሽን፣ ሌላው ቀደም ብሎ የማመልከቻ መንገድ፣ አያስርም፤ ኢዲም አይከለክለውም። አባትየው ይህን ሁሉ ሰምቶ ወረቀቱን አጠፈና «ፈርሜያለሁ እኮ፤ ፈርሞ መካድ አለ እንዴ?» አለ።

አባትየው ፓረንት ፕላስ የሚባለውን የመንግሥት የወላጅ ብድር ተበደረ። ሁለት ዓመት ተማረችና ወደ ሜሪላንድ ተዛወረች፤ ተመርቃ ዛሬ ጥሩ ሥራ ይዛለች። እሱ አሁንም ይከፍላል፤ ዕዳው በእሱ ስም ነው። በየዓመቱ ታክሱን ይዞ ሲመጣ የብድሩ ወለድ ወረቀት ከፖስታው ሥር ትወጣለች፤ እመዘግባታለሁ፣ አናወራባትም። ልጅቱን ብትጠይቋት ደግሞ «እነዚያ ሁለት ዓመታት የሕይወቴ ምርጦች ናቸው» ትላችኋለች። ምን ይመለስላታል? እኔን የሚቆጨኝ ወረቀቶቹ ጠረጴዛዬ ላይ የመጡት በኦክቶበር ሳይሆን በዲሴምበር መሆኑ ነው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር።

የእኔ ዘመን ሰው «ድሪም ስኩል» የሚባለው ነገር ብዙም አይገባውም። እኛ አዲስ አበባ ፎርም እንሞላ ነበር፤ መንግሥት ደግሞ የፈለገበት ይመድበናል። ሕክምና ሞልቶ ዓለማያ ግብርና የደረሰው ጓደኛ አለኝ። ያኔ አለቀሰ፤ ዛሬ ስለ በቆሎ ማውራት ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። እኔም ኮሜርስን አንደኛ አድርጌ አልሞላሁም። እናንተ ግን ምን እንደምትማሩ ሳታውቁ የኮሌጁን ሹራብ ትገዛላችሁ፤ መልሱ ሲከፈት ለቲክቶክ የሚቀርጽ ሰው ታዘጋጃላችሁ። ይቅርታ፣ የሽማግሌ ነገር ነው።

«ኢዲ ዕድል ይጨምራል» ትሉኛላችሁ። ብዙ ኮሌጆች በኢዲ ከሚያመለክተው ውስጥ የሚቀበሉት ድርሻ ከመደበኛው ከፍ ያለ መሆኑ እውነት ነው። ግን እዚያ ውስጥ ለስፖርት የተመለመሉና ወላጆቻቸው እዚያው የተማሩ ልጆችም አሉበት፤ ልዩነቱ ሁሉ ለእናንተ የተቀመጠ አይደለም። በፈረንጆቹ 2006 ሃርቫርድና ፕሪንስተን ቀደም ብሎ መቀበል ሀብት ያለውን ይጠቅማል ብለው ማቆማቸውን ተናገሩ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲም ተከተላቸው። ሁለቱ በ2011 መልሰው ጀመሩት፤ የእነሱ የዛሬው አያስርም። ቨርጂኒያ ደግሞ የሚያስረውን ኢዲ በ2019 መለሰ። ተማሪውን አስቀድሞ ማሰር ለኮሌጁ ይመቸዋል፤ ማን እንደሚመጣለት ያውቃል።

ይህን ሁሉ የምላችሁ ሰውዬ የገዛ ልጄን ኢዲ ፈርሜለታለሁ። ገብቶም ተመርቋል። እናቱ ነርስ ናት፣ እኔም ያኔ ተቀጣሪ ነበርኩ። ደብሊው ቱ፣ የተቀጣሪ የደመወዝ ወረቀት፣ ብቻ ያለው ቤተሰብ ሲሞላው ካልኩሌተሩ ብዙም አይስትም፤ የሚያሳስተው የራሱን ሥራ የሚሠራውን፣ የሚያከራየውንና የተፋቱትን ነው። ታዲያ ከእኛ መሀል ኡበር፣ ታክሲ፣ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የሌለው ስንቱ ነው?

ስለዚህ ለዚያ ልጅ እንዲህ ልበለው። አባትህ የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ከሆነ፣ ሳትፈርሙ የኮሌጁን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደውለህ የእርጅና ቅናሽ መልሰው ይደምሩ እንደሆነ፣ ቤቱንም ይቆጥሩ እንደሆነ ጠይቅ። ኢሜይል አይደለም፣ ደውል፤ መደወል እንደምትፈሩ አውቃለሁ። የቤታችሁ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ ክዌስት ብሪጅ የሚባለውን፣ ተማሪን ከኮሌጅ የሚያገናኝ ፕሮግራም እይ፤ እሱም በአብዛኛው ያስራል፣ ግን የአራቱን ዓመት ወጪ ሸፍኖ ነው። ማብቂያው ሴፕቴምበር መጨረሻ ስለሆነ ዘንድሮ ካለፈህ ለታናሽህ ንገራት። ማራዘሚያ የወሰዱት ሰዎች ታክስ ኦክቶበር 15 ላይ ያልቃል፤ ከዚያ እስከ ኖቬምበር 1 ቢሮዬ ሰው የለበትም። ያለፈውን ዓመት ታክስ ከነሼጁል ሲው፣ የራስ ሥራ ገቢና ወጪ ከሚሞላበት ወረቀት ጋር፣ ይዘህ ና። አባትህንም ይዘሃቸው ና።