ማን አዳናቸው? ኪኒኑ ወይስ ቅዱስ ሚካኤል?

ጥያቄ፦ እናቴ የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒት ወሰደች፤ ጎን ለጎን ጸበል ትጠጣ ነበር። አሁን ድናለች። «ያዳነኝ ቅዱስ ሚካኤል ነው» ብላ ስለቷን አስገብታለች። ወንድሜ ግን «ያዳነሽ ኪኒኑ ነው» እያለ ይከራከራታል። እኔ የጤና ተማሪ ነኝ። መምህራችን «ሳይንስና ሃይማኖት የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ አይጋጩም» ብሎናል። እውነት ነው? ደግሞ የእናቴን ምስክርነት የሰማች አንዲት ጎረቤታችን ይኸንኑ መድኃኒት በሁለተኛው ወር አቋርጣ ጸበል ገብታለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እኅቴ፣ እናትሽን እንኳን እግዚአብሔር ማረልሽ።

በቤታችሁ ያለውን ክርክር በብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ። የሚገርመኝ እናትሽና ወንድምሽ ሳያውቁት በአንድ ነገር መስማማታቸው ነው። መድኃኒቱ ከሠራ እግዚአብሔር አልሠራም፣ እግዚአብሔር ከሠራም መድኃኒቱ ትርፍ ነበር ብለው ሁለቱም ያስባሉ። እናት ልጇን ስታጎርስ «ያጎረሰህ እጇ ነው ወይስ እናትህ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ?

ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቢው። ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ 15 ዓመት ጨመረለት። በዚያው ምዕራፍ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በእባጩ ላይ አስደረገለት (2ኛ ነገ. 20፥1-7)። ነቢዩ በለሱን ያስመጣው «እፈውስሃለሁ» የሚለውን ቃል ከእግዚአብሔር ተቀብሎ ለንጉሡ ከነገረ በኋላ ነው። ጸሎቱም ተሰምቷል፣ በለሱም ተለጥፏል፤ ሕዝቅያስም ምስጋናውን ለበለሱ አላቀረበም።

ሰውን መድኃኒት የሚያስጥሉ ሰዎች ደግሞ ንጉሥ አሳን ይጠቅሳሉ፤ ታምሞ ባለመድኃኒቶችን ፈለገ ተብሎ ተነቅፏልና (2ኛ ዜና 16፥12)። ጥቅሱ የሚነቅፈው ግን እግዚአብሔርን አለመፈለጉን ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድ ኃጢአት ቢሆንማ ሲራክ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና ብልህ ሰው አይንቀውም ባላለ ነበር (ሲራ. 38)። እዚያው ላይ በመጀመሪያ ጸልይ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ይላል። ለሁለቱም ቦታ አለ ማለት ነው።

የመምህራችሁ አባባል በአብዛኛው ልክ ነው። ሮበርት ኮኽ በፈረንጆች 1882 የዚህን በሽታ ባክቴሪያ ለይቶ አሳየ፤ ሌሎች የሚገድለውን መድኃኒት አገኙ። ጀርሙ ምንድን ነው፣ በምን ይሞታል የሚለው የእነርሱ ጥያቄ ነው፤ ተግተው መልሰውታልና ልናመሰግናቸው ይገባል። እናትሽ ማንን ያመስግኑ፣ በተጨመረላቸው ዕድሜስ እንዴት ይኑሩ የሚለውን ግን የአክታ ምርመራ አይመልሰውም።

«በአብዛኛው» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን አባባል ይዘው እምነትን ስሜት ብቻ የሚያደርጉ አሉ። እኛ በጸሎተ ሃይማኖት ጌታ በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን መከራ ተቀበለ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ ስንል በዚህ ምድር ላይ የሆነውን ነገር እየተናገርን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ነው ይላል (1ኛ ቆሮ. 15)። ሌሎች ደግሞ እግዚአብሔርን የሚፈልጉት ሐኪም «አላወቅሁትም» ባለበት ቦታ ብቻ ነው። የእነዚህ አያያዝ ይበልጥ ያስፈራኛል፤ የሰው እውቀት በጨመረ ቁጥር አምላካቸው እያነሰባቸው ይሄዳልና። እግዚአብሔር የታወቀውንም ያልታወቀውንም የፈጠረ ነው።

የጎረቤታችሁ ነገር ግን ለነገ የሚባል አይደለም። ሳሉ ስለተዋት ድናለች ማለት እንዳልሆነ፣ የተረፈው ጀርም መድኃኒቱን ተላምዶ በኋላ ለማከም እንደሚያስቸግር፣ አብረዋት ለሚኖሩትም እንደሚተርፍ አንቺ ከእኔ በተሻለ ተምረሻል። ይህን እያወቁ ኪኒን መጣል እምነት አይባልም። ጌታችን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲባል «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ የመለሰውን ታውቂያለሽ (ማቴ. 4፥7)። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ጸበሉ ቦታ ላይ «ኪኒኑን ጣይ» ያላት ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን፣ ለደብሩ አስተዳዳሪ ይነገር።

ዛሬውኑ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። አትቆጧት፣ ከጸበሉም ውጪ አትበሏት። መድኃኒት ወደጀመረችበት ጤና ጣቢያ አብረሻት ተመለሽ፤ ያቋረጠችበትን ቀን ሳትደብቅ ትንገራቸው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እነርሱ ያውቁታል። እናትሽም ከእንግዲህ ስለ ቅዱስ ሚካኤል ሲመሰክሩ ስድስት ወር ሙሉ የዋጡትን ኪኒን አብረው ይናገሩ። ጎረቤታችሁ የሰማችው ምስክርነት ግማሹን ነው።