ጋሼ ሲመጣ ለምን ቻናል ትቀይሪያለሽ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባንክ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ከቁጥርና ከተቆጣ ደንበኛ ጋር ስታገል እውላለሁ። ማታ ሰሚት ቤቴ ገብቼ እራት ከተበላ በኋላ እኔ፣ ልጄና ቤት የምታግዘን ልጅ ሶፋው ላይ ተደርድረን ተከታታይ ኮሜዲ እናያለን። አንዳንዴም በአማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ እናያለን። ከቀኑ ውስጥ እውነት ፈታ የምልባት ሰዓት እሷ ናት።

ችግሩ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ብዙ ያነበበ፣ የተከበረ ሰው ነው። እሁድ እሁድ ለምሳ ይመጣል። በሩ ሲንኳኳ እኔ ሪሞት ፍለጋ እሯሯጣለሁ። ዜና ወይ ዘጋቢ ፊልም ላይ አድርጌ ነው በሩን የምከፍተው። ባለፈው ግን ሪሞቱ ጠፋ፤ ባለቤቴ በሩን ከፈተና ሦስታችንም በሳቅ ስንንፈራፈር ደረሰብን። ቆሞ ትንሽ አየና "ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ይባል የለ?" አለ። ባለቤቴም አብሮት ሳቀ። ያበሸቀኝ እሱ ነው። ምሳ ላይ ደግሞ "ሰሞኑን ምን እያነበብሽ ነው?" ሲለኝ ጀምሬ የተውኩትን መጽሐፍ ስም ጠርቼ ተገላገልኩ። ማታ ልጄ "እማዬ፣ ጋሼ ሲመጣ ለምን ቻናል ትቀይሪያለሽ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እውነት እነዚህ ነገሮች ጭንቅላት ያደነዝዛሉ? ልተዋቸው? ወይስ ሰውየውን ፊት ለፊት ልንገረው?

ሪሞት ፈላጊዋ፣ ከሰሚት

መልስ

ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንቺ ልበልሽ።

ከተረቱ እንጀምር። ተረቱ አለ፤ የባልሽ ወንድም አልፈጠረውም። ግን አማርኛ ለሁሉም ነገር ተረት አለው፤ ለተቃራኒውም አያጣም። ተረት አፍ ማስያዣ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ቅዘኑን ለሐኪም እንተወውና ቀልዱን እንይ።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ጉልምስናዬ ያለቀው እዚሁ አዲስ አበባ፣ አንድ ቴአትር ቤት በር ላይ ትኬት ስሸጥና ስቆርጥ ነው። እዚያች መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ ያያል። ኮሜዲ ያለ ቀን ሰልፉ አስፋልት ይነካል። ከሰልፉ መሐል ደግሞ ክራቫት ያሰረ፣ ጋዜጣ በብብቱ የያዘ ሰው አይጠፋም። መስኮቷ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለእኔ እንኳ አይደለም፤ ባለቤቴ አስቸግራኝ ነው" ይለኛል። ማን ጠየቀው? ትራጄዲ ሊያይ መጥቶ ሚስቴ አስገደደችኝ ያለኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጉልበቱን እየመታ፣ እንባውን እየጠረገ የሚስቀው ያው ባለ ክራቫቱ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

እነዚህን ሰዎች ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰው ቀልድ ስለማይወድ አይደለም ቀልድ የሚንቀው። ብዙ ጊዜ "እኔ ከሰልፉ አይደለሁም" ለማለት ነው። የባልሽን ወንድም ልቡን አላውቅም፤ ምናልባት እውነትም አያስቀው ይሆናል። ያ መብቱ ነው። አንቺን ማሳፈር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያደነዝዛል ወይ? አንድ ተዋናይ ልንገርሽ። ዘበኛ ሆኖ ይጫወት ነበር። ጌታው ከሳሎን ሆነው "ማነው ያንኳኳው?" ብለው ይጮኹበታል። እሱ ከመመለሱ በፊት ካፖርቱን ይቆልፋል። ቀስ ብሎ፣ ከታች ወደ ላይ። አንድ ቁልፍ ይዘላል፤ ተመልሶ ሁሉንም ይፈታና እንደገና ይጀምራል። አፉን አልከፈተም፤ አዳራሹ ግን አልቋል። እኔ ከኋላ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ነው የማየው። ሳቁ በረድ ሲል፣ ፀጥታው ገና ሳይገባ፣ በዚያች ቅጽበት ቀና ብሎ "ማንም" ይላል። ሕዝቡ እንደገና ይፈነዳል። አንድ ምሽት ቸኩሎ ቀድሞ ተናገራትና ቃሏ ሳቁ ውስጥ ሰምጣ ቀረች። ከመድረክ ሲወርድ እቃ የጠፋበት ይመስል ነበር። "በላኋት፣ በላኋት" እያለ ሲበሳጭ አመሸ።

ማስለቀስ እኛ ሀገር ብዙም አያስቸግርም። መድረክ ላይ አንዲት እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከወጣች መሐረቡ ሁሉ ይወጣል። የሚያስቅ ሰው ግን ሴኮንድ እየቆጠረ ነው የሚሠራው። አንቺም ሶፋሽ ላይ ስትስቂ ጭንቅላትሽ ሥራ ፈትቶ አይደለም። ማን ማንን እንደዋሸ፣ ማን ከበሩ ጀርባ እንደቆመ፣ ማን እንደማያውቅ ሁሉንም ይዘሽ ነው የምትስቂው። ካልያዝሽው አያስቅሽም።

የባልሽ ወንድም ምሁር ነውና ይሄን ያውቀዋል፤ እንደዋዛ ብታነሺበት ግን ደስ ይለኛል። ዘመናዊ ቴአትራችን በምን ጀመረ? በኮሜዲ። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ግድም የጻፉት ተውኔት ስሙ ራሱ "የአውሬዎች ኮሜዲያ" ነው። አውሬዎችን እያናገሩ የጊዜውን አስተዳደር ሸንቆጥ ያደረጉበት ሥራ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ አልወደዱትም፤ ታገደ። የሚያደነዝዝ ነገር ቢሆን ማን ለማገድ ይደክማል?

ከዚያ ወዲህ ደግሞ መንግሥቱ ለማ አሉ። ቅኔ የዘረፉ፣ ሎንደን የተማሩ፣ በኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ያስተማሩ ሰው ናቸው። "ጠልፎ በኪሴ"ንና "ያላቻ ጋብቻ"ን ሲጽፉ ጠለፋንና የዘር ኩራትን ያነሱት ሰው እያሳቁ ነው። የባልሽ ወንድም እሳቸውን ሳይጠቅስ ስለ አማርኛ ተውኔት ማስተማር አይችልም።

እኔ ከሁሉ የምወዳቸው ግን አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። እኛ የምናውቃቸው በቀልዳቸው ነው። (እርግጥ ሰው የትም የሰማውን ቀልድ ሁሉ በእሳቸው ስም ስለሚያወራ፣ ግማሹን እሳቸውም አያውቁትም።) ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው ግን በሌላ ነው። በልጃቸው ስም የተክሌ አቋቋም የሚባለው ዝማሜ የእሳቸው ነው። የጣና ዳር ደንገል በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው ነው ያወጡት ይባላል። እንግዲህ ያ መቋሚያ ይዞ የሚወዛወዝ ሊቅና ያ ጠጅ ቤቱን በሳቅ የሚያፈርስ ሰው አንድ ሰው ናቸው። ቀን ቀን ሊቅ፣ ማታ ማታ ፌዘኛ ሆነው አይደለም። ሁለቱም የአንድ ጭንቅላት ሥራ ነው።

አዝማሪንም አስቢው። በእኔ ልጅነት "አዝማሪ" ስድብ ነበር። ልጁ ማሲንቆ ያነሳ አባት አንገቱን ይደፋ ነበር። ዛሬ ውጭ ሀገር የኖረ ዘመድ ሲመጣ "ባህላችንን እናሳይህ" ብለን የምንወስደው የት ነው? አዝማሪ ቤት። ግጥሙን ተቀብለን፣ ብር ግንባሩ ላይ ለጥፈን እንመለሳለን። የባልሽ ወንድም የልጅ ልጆች ዛሬ አንቺ የምታዪውን ኮሜዲ ለመመረቂያ ጽሑፍ ቢያጠኑት እኔ አይገርመኝም።

የቱርኩ ነገር ትንሽ ይለያል። የውጭ ድራማ በአማርኛ የሚያሳየው ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃውመው ነበር። ከተቃውሞው አንዱ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ፦ የእንጀራ ጥያቄ ነው። ተመልካቹ ወደ ውጭ ድራማ ከሄደ የሀገር ቤቱ ተዋናይ ምን ይበላል? ይሄን የሚል ሰው አከብራለሁ። "ሕዝቡ ደነዘዘ" የሚለውን ግን አልቀበልም። ተመልካቹ ድሮም ድራማ ይወድ ነበር፤ በየቀኑ ሳይቆራረጥ የሚመጣለት ሲያገኝ ነው የሄደው። ደግሞ ያቺ በአማርኛ የምታለቅሰው የኢስታንቡል ልጅ ድምፅዋ የሀገርሽ ልጅ ድምፅ ነው። የአማርኛውን ለዛ አድምጪው፤ አንዳንዱ ቀሽም ነው፣ አንዳንዱ ግን ከንፈር ላይ ልክክ ብሎ ሲገጥም እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ።

ታዲያ ቀላል የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩሽ አይደለም። ቀሽም ሞልቷል። በተለይ አንድ የማልወደው ዓይነት አለ፦ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛን አነጋገር እያጣመሙ ብቻ ሰው ለማሳቅ የሚሞክሩት። ሌላ ቀልድ ያለቀበት ሰው መጠጊያ ነው። እናንተ ሶፋ ላይ ጥሩ መለኪያ ተቀምጣለች። የምታግዝሽን ልጅ ፊቷን እይው። እሷ ከልቧ ከሳቀች ነገሩ ጤነኛ ነው። አንቺ ስትስቂ እሷ ጣቶቿን መቁጠር ከጀመረች ግን ያኔ ሪሞት ፈልጊ።

አሁን ምን ታደርጊ? በመጀመሪያ ባልሽን ለብቻው አናግሪው። እንደገባኝ ያመመሽ የወንድሙ ተረት አይደለም፤ የእሱ ሳቅ ነው። "ማታ ማታ አጠገቤ ቁጭ ብለህ አብረኸኝ የምታየውን፣ ወንድምህ ሲመጣ እንደማታውቀው ሆንክብኝ" በይው። (አያይም እንዳትይኝ። ጋዜጣ ይዞ ከጋዜጣው በላይ የሚያይ ባል በየቤቱ አለ።)

ለልጅሽ እውነቱን ንገሪያት፤ "ጋሼ እንዳይንቀኝ ብዬ ነበር" በያት። ልጆች እንዲህ ያለውን ቶሎ ነው የሚረዱት። እነሱም ትምህርት ቤት "ፋራ" እንዳይባሉ የሚደብቁት ነገር አያጡም።

መጽሐፉንም ተይው። ካልያዘሽ አልያዘሽም። "ጀምሬ ነበር፤ አላስኬደኝም። አንተ ወደኸዋል?" ብትይው ወሬ ይወጣችኋል። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ደግሞ አንድ የምታገኚው ነገር ይኖራል፦ ብዙ ያነበበ ሰው ሁሉ ያነበበውን ሁሉ እንዳልጨረሰ ትደርሺበታለሽ።

የሚመጣው እሁድ ቻናሉን አትቀይሪ። ግን ድምፁን አስጨንቀሽም አትክፈችበት፤ እልህ ሳቅ ይገድላል። ቡናው ሲፈላ አጠገባችሁ ቦታ ልቀቁለትና ታሪኩን ከመሐል አስረጂው፦ "ይሄኛው ያበደረው እሱ ነው፣ እሷ ደግሞ አታውቅም" በይው። ካልወደደው ቡናውን ጠጥቶ ይነሳል። "ቆይ፣ ይሄ ልጅ የማን ወንድም ነው?" ካለሽ ደግሞ በቃ፣ ተይዟል። ያኔ ሙድ እንዳትይዢበት። የሚቀጥለውን እሁድ ያስቀርብሻል።

ሌላ አጭር ጥያቄ

ሰላም ጋሼ። ጅዳ ነው ያለሁት፤ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ ሥራ ጨርሼ ክፍሌ ስገባ በስልኬ የአማርኛ ቀልዶች አያለሁ። አንዷ ጓደኛዬ "ሀገር እንዲህ ተጨንቃ አንቺ ትስቂያለሽ? ቢያንስ መዝሙር ስሚ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስስቅ ጥፋት የሠራሁ ይመስለኛል።

ከጅዳ

መልስ

ልጄ፣ ጥርስ ባዳ ነው ሲባል አልሰማሽም? እኛ እኮ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የምንስቅ ሰዎች ነን። ሬሳው በወጣ ማግስት ምሽት ላይ ካርታ ይዘረጋል። የሰፈሩ ቀልደኛ መሐል ይቀመጣል። ሟቹ ራሱ ያወራቸው የነበሩ ቀልዶች ይነሳሉ። ሐዘንተኛዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ ታልቅስ ትሳቅ አይለይም። ማንም አይቆጣትም። እንዲያውም "ትንሽ ተጫወተች" ተብሎ ለእናትየው ይነገራል። የሚስቅ ሰው ሀገሩን ረሳ ካልን ድንኳን ውስጥ ያደረው እድርተኛ ሁሉ ጥፋተኛ ነው።

ጓደኛሽንም አትቀየሚያት። እሷም ጨንቋት ይሆናል፤ መዝሙሩ ያሳርፋት ይሆናል። የሚያስቅሽን አንድ ቪዲዮ ላኪላትና ዝም በይ። መልስ ካልመጣ አትወትውቻት።

አንድ ነገር ብቻ፦ ሌሊት ስታዪ የጆሮ ማዳመጫ አድርጊ፤ ሳቁንም ትራስ ላይ። ከክፍልሽ ሳቅ ሲሰማ "ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ናት" ብለው ስልኩን የሚቀሙ አሠሪዎች እንዳሉ ከእኔ የበለጠ አንቺ ታውቂያለሽ። የሚያስቁሽን ዋይፋይ ባለበት አውርደሽ ያዢ።