የቱን ልተው ላለኝ ልጅ

ሰሞኑን አንድ ልጅ ጻፈልኝ። በረኛ ነው፣ ቅርጫት ኳስም ይጫወታል። «ጋሼ፣ የእግር ኳስ አሰልጣኜ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ አለኝ። የቱን ልተው?» ይላል፤ ጉልበቱንም እንደሚያመው ጽፎልኛል። ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ለብቻው ልመልስለት ነበር፤ ግን ብዙዎቻችሁን የሚመለከት ጥያቄ ስለሆነ እዚሁ ልጻፈው።

እኔም በረኛ ነበርኩ። ቮሊቦልም እጫወት ነበር፤ እንደውም አብልጬ የምወደው ቮሊቦሉን ነው። ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ መረቡን የምናስረው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ነበር፣ መስመሩን ደግሞ በአመድ እናሰምረዋለን። አንድ ቀን የአንድ ቡድን ሰው እቤት ድረስ መጣና «ከኛ ጋር ከሆነ ቮሊቦል የሚባል ነገር የለም» አለ። ለኔ አይደለም የነገረው፣ ለአባቴ ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ተነጋገሩ፣ ተጨባበጡ፣ ቡና ተፈላ፣ አለቀ። አንተስ ምን ትላለህ ያለኝ ሰው የለም። አባቴን አልወቅስም፤ ደሞዝ የሚል ነገር ከሰማ ሌላውን እንዴት ይስማ፣ ከኔ በታች ስንት ልጅ ነበረበት። ግን ቅዳሜ ከሰዓት በግቢው አጥር ሳልፍ የጓደኞቼ ጩኸት ይሰማኛል፣ ኳሱ መዳፍ ላይ ጧ ሲል ይሰማኛል፣ ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከማዕዘን የሚመጣ ኳስ ላይ መቼ እንደሚዘለል ያስተማረኝ እኮ ቮሊቦል ነው እንጂ የበረኛ አሰልጣኝማ ያኔ ከየት ይመጣል!

እንደኛ ሁለት ጨዋታ ይጫወት ስለነበረው ስለ ጄሱስ ኮሬያ ያነበብኩት ራሴ ማሰልጠን ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ፖርቱጋላዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ሊዝበን አጠገብ ፓሶ ዴ አርኮስ የሚባል ቦታ ተወለደ። በረኛ አይደለም፤ ስፖርቲንግ የሚባለው የሊዝበን እግር ኳስ ክለብ የቀኝ ክንፍ አጥቂ ነበር። እሱ፣ ቫስኬስ፣ ፔይሮቴዮ፣ ትራቫሶስና አልባኖ «አምስቱ ቫዮሊኖች» ይባሉ ነበር። በ1946/47 ስፖርቲንግ በ26 የሊግ ጨዋታ 123 ጎል ያገባው በነሱ ዘመን ነው። በ1948 ደግሞ ማድሪድ ድረስ ሄደው አትሌቲኮን 6 ለ 3 ሲያሸንፉ ስድስቱንም ያስቆጠረው ኮሬያ ነው።

ይሄው ሰው ታዲያ ጎን ለጎን ለተወለደባት ከተማ ክለብ ሮለር ሆኪ ይጫወት ነበር። በሮለር ስኬት እየተንሸራተቱ ጫፉ በታጠፈ ዱላ ትንሽ ጠንካራ ኳስ የሚመቱበት ጨዋታ ነው፤ በረኛውን ጨምሮ በየቡድኑ አምስት ሰው ይሰለፋል። ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩት፣ በተለይ በረኛውን። ጎሉ ከፍታው አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲ ብቻ ስለሆነ ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ነው የሚጠብቀው፣ ኳሷም በሰው እግር መሀል በድንገት ብቅ ትላለች። እኔ 7 ሜትር ከ32 የሚሰፋ ጎል ስር ያደግሁት ሰው ሳየው ጉልበቴን ነው ያመመኝ። በ1947 ፖርቱጋል ሊዝበን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ኮሬያ ቡድኑ ውስጥ ነበር፣ በ1948፣ 1949 እና 1950ም ደገሙት። ስፖርቲንግም ከ1947 እስከ 1949 ሊጉን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። አንዱ ሌላውን ጎዳው የሚል ሰው ይሄን ይይልኝ።

በኋላ እሱንም ምረጥ አሉት። ያኔ ሀያ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኖታል። ስሙና ጭብጨባው ያለው እግር ኳሱ ጋ ነው፣ ስፖርቲንግም ገና ዋንጫ ያነሳል፤ በ1954 ያለሱ ሻምፒዮን ሆኗል። እሱ ግን ሆኪውን መረጠ። ብዙ ሰው ስሙን የሚያስታውሰው በእግር ኳሱ ነው፣ እኔ ግን የማከብረው ለዚች ውሳኔው ነው። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ሁለቱንም እስከ ጥግ ድረስ አይቶ፣ ራሱ ነው የወሰነው። ከአምስቱ ቫዮሊኖች የመጨረሻው ሆኖ በ2003 አረፈ።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ጢም ሳታበቅሉ ኤጀንት ትፈልጋላችሁ፣ ሁለት ኳስ ካዳናችሁ ቲክቶክ ላይ ነው። ወላጆቻችሁም ከናንተ ብሰዋል። እንደገና ደግሞ አምስት ነገር ጀምሮ አምስቱንም ግማሽ ላይ የሚጥል ልጅ ስንት አለ፤ እሱንስ አንዱን ያዝ ብዬ እኔም ተቆጥቼ አውቃለሁ፣ አሁንም እቆጣለሁ። ልዩነቱን የማየው በልምምድ ነው። ዝናብ ሲጥል ሁለቱም ልምምድ ላይ የሚገኝ ልጅ አንዱንም ይተው ዘንድ አልመክርም።

ስለዚህ ልጄ፣ አሁን ምንም አትተው። መጀመሪያ አሰልጣኝህን የልምምዱን ቀንና ሰዓት ጠይቀው፣ ከቅርጫቱ ጋር በትክክል የሚጋጨው የቱ ቀን እንደሆነ እይ። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ የቅርጫቱን አሰልጣኝ ለምነው፣ እነሱ ብዙ ጊዜ ይረዳሉ። እምቢ ካሉ እናትህን ይዘህ ሂድ፤ ግን እንደኔ ዝም ብለህ አጠገቧ አትቁም፣ አንተው ተናገር። ጉልበቴን ያመኛል ያልከውን ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትል ለሐኪም አሳየው።