አስፋልቱ ድምፅ ይመጥጣል? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ስለ ጸጥተኛ አስፋልት፣ ማለትም የመኪና ድምፅ እንዲቀንስ ስለተሠራ አስፋልት፣ አለካክ የመጡት ጥያቄዎች ስለበዙ ዛሬ አንድ ላይ እመልሳቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አስፋልት ድምፅ መጠጠ የሚባለው እንዴት ነው?

መልስ፦ ድፍን አስፋልት የደረሰበትን ድምፅ መልሶ ያነጥረዋል። ከይዘቱ 20 በመቶ ያህሉ ባዶ ቀዳዳ እንዲሆን የተሠራ አስፋልት ግን ድምፁን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ አየሩ ከጠጠሩ ጋር ሲፋተግ የድምፁ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ልኩ ከ0 እስከ 1 ይጻፋል፤ 0 ምንም አልመጠጠም፣ 1 ሁሉንም መጠጠ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መንገዱን ሳይቆፍሩ መለካት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ዘዴውም ያስደስተኛል። አይኤስኦ (ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) 13472-1 ብሎ ባወጣው ደረጃ መሠረት ድምፅ ማጉያ ከመንገዱ 1.25 ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ታች ይሰቀላል፤ ማይክሮፎን ደግሞ ከሥሩ፣ ከመንገዱ 25 ሴንቲሜትር ላይ ይቀመጣል። ማይክሮፎኑ ያንኑ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አንዴ ሲወርድ፣ አንዴ ከአስፋልቱ ነጥሮ ሲመለስ። የወረደው ተቀንሶ የተመለሰው ብቻ ይቀራል፤ የጎደለው አስፋልቱ የዋጠው ነው።

ሌላው መንገድ ቱቦ አስፋልቱ ላይ አቁሞ መለካት ነው። ይህ የሚሆነው ለድፍን አስፋልት ነው። የቱቦው ጠርዝ በደንብ ካልታሸገ የሾለከው ድምፅ እንደተመጠጠ ይቆጠራል፤ ቀዳዳማ አስፋልት ላይማ ድምፁ በጎን በኩል ያመልጣል።

ጥያቄ፦ ዝናብ በጣለ ማግስት ለክተው «አይመጥጥም» አሉን። እንመን?

መልስ፦ አትመኑ፤ ልኬቱ ይደገም። ላዩ ደርቆ ውስጡ ውሃ ሊይዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሲሠራ ጸጥ ያለ ነበር፣ አሁን ለምን ጮኸ?

መልስ፦ አቧራና ጭቃ ቀዳዳውን ደፍኖት ይሆናል። ፈጣን መንገድ ላይ ጎማ በዝናብ ጊዜ ውሃውን እየገፋና እየሳበ ቀዳዳውን ያጥበዋል፤ ቀስ ብለው በሚነዱበት መንገድና ዳር ላይ ግን ቆሻሻው ይከማቻል። ስለዚህ ጎማ የሚረግጠው መስመርም ዳሩም ይለካ፤ በየጊዜው እዚያው ቦታ ላይ።

ጥያቄ፦ ተቋራጩ «0.9 ደርሷል» ይላል። ይበቃል?

መልስ፦ በስንት ኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ ሲርገበገብ)? የጎማ ድምፅ የሚበረታው 1000 ኸርዝ አካባቢ ነው። አስፋልቱ በጣም የሚመጥጠው 2000 ላይ ከሆነ ነዋሪው ብዙም አይጠቀምም። ንጣፉ ሲወፍር አስፋልቱ በጣም የሚመጥጥበት ኸርዝ ዝቅ ይላል፣ ወደ ወፍራም ድምፅ ይወርዳል፤ ስለዚህ ውፍረቱንም ጠይቁ። የገጹ ሸካራነትም ጎማውን ስለሚያንቀጠቅጠው፣ ከመምጠጥ ልኬቱ ጋር የሚያልፉ መኪኖች ድምፅ መንገድ ዳር ይለካ።